ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ሆኖ መኖር፦ ሥራ ላይ ስንሆንስ?

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህ የኦንላይን ውይይት ክር በጣም ስለረዘመ የመጀመሪያውን ጥያቄዬን አሳጥሬዋለሁ። ከሥሩ የተጻፈውንም በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲቆፍር እንዳይውል ብዬ ነው። በመሃል የራሴን ጣል ማድረጌ አይቀርም፣ ቻሉኝ።

ጥያቄው ይህ ነበር። ጠዋት እጸልያለሁ፣ ቃሉን አነባለሁ፣ ልቤም ደስ ይለዋል። ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ስልኩ፣ ስብሰባው፣ የሰው ጭቅጭቅ። እግዚአብሔር ትዝ የሚለኝ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ጳውሎስ ደግሞ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሳያቋርጡ እንዲጸልዩ ጽፎላቸዋል (1ኛ ተሰ. 5፥17)። ጌታም በወይን ግንዱና በቅርንጫፉ ምሳሌ በእርሱ እንድንኖር ነግሮናል (ዮሐ. 15)። ታዲያ ይህ ለገዳም ሰው ብቻ ነው ወይ? የእኔ ጥርጣሬ፣ ከእግዚአብሔር ጋር አንድ መሆንን የማሰብ ጉዳይ አድርገነዋል የሚል ነው። ስናስበው አብረን ነን፣ ስንረሳው ተለያየን። እንዲህ ከሆነ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሁሉ ከክርስቶስ ተለይቷል ማለት ነው። ምን ትላላችሁ? ጥቅስ ብቻ ወርውራችሁ እንዳትሄዱ፣ አስረዱኝ።

መልስ 1። ጥቅስ ወርውሮ ሄደ። አራት ጥቅስ፣ ማብራሪያ የለም፣ መጨረሻ ላይ ምርቃት። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀብያለሁ።

መልስ 2። የጠዋት ጸሎትን ስልክ ቻርጅ ከማድረግ ጋር አመሳሰለው። በደንብ ከሞላ ቀኑን ያውላል፣ ካነሰ ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ መሰካት ነው። ላይኩ የጎረፈው እዚህ ላይ ነው። አይገርመኝም፣ ሰው ወዲያው የሚይዘው ዓይነት ምሳሌ ነው።

መልስ 3 ግን አላለፈችውም። ወንድሜ ብላ በትሕትና ጀመረች፣ ምሳሌው ግን ከዮሐንስ 15 ጋር በቀጥታ እንደሚጋጭ አሳየችው። ቅርንጫፍ ጠዋት ከግንዱ ጠጥቶ ቀኑን ብቻውን አይውልም። ከተለየ ይደርቃል፣ በቃ። ደግሞ ብዙ ሰው የሚያልፈውን ነገር አነሣች። እዚያው ምዕራፍ ላይ ከቁጥር 9 እስከ 12 ጌታ በእርሱ መኖርን ወደ ፍቅሩ ይወስደዋል፣ ፍቅሩን ትእዛዙን ወደ መጠበቅ፣ ትእዛዙን ደግሞ እርስ በርስ ወደ መዋደድ። ቀኑን ሙሉ ስለማሰብ አንድም ቃል የለም። ደስታ ቁጥር 11 ላይ አለ፣ እሱም ቢሆን በፍቅሩ ከመኖር የሚመጣ ነው።

መልስ 4። አጭር ነው። በክርስቶስ መኖርና ሳያቋርጡ መጸለይ ለየቅል ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ለጊዜው ዞር ብሎ ያየው ግን አልነበረም።

መልስ 5 የመጣው ወንድም ሎውረንስን ይዞ ነው። ለማያውቁት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ በቀርሜሎሳውያን ገዳም የነበረ ተራ ወንድም ነው፣ ቄስ አይደለም። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፣ ያረፈው በ1691 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገዳሙ ውስጥ ሥራው ወጥ ቤት ነበር፣ እሱ ደግሞ ወጥ ቤት አይወድም። በኋላ ጫማ ጠጋኝ ሆነ። ይህ ሰው በድስትና በጩኸት መሃል ሆኖ በቁርባን ፊት ተንበርክኮ እንዳለ ያህል ከእግዚአብሔር ጋር እንደሚሆን ይናገር ነበር። መልስ ሰጪው አንዲት ታሪክ ጨምሯል፣ እኔ በጣም ወድጄያታለሁ። አንድ ጊዜ ለገዳሙ ወይን ጠጅ እንዲገዛ ቡርጎኝ ላኩት። ንግድ አይችልም። እግሩም አንካሳ ስለነበር ጀልባው ላይ መንቀሳቀስ የሚችለው በርሜሎቹ ላይ እየተንከባለለ ብቻ ነበር። ሥራው የአንተ ነው ብሎ ለእግዚአብሔር ነገረው፣ ሄደ፣ ገዛ፣ ተመለሰ። እንዴት እንደተሳካለትም አልገባውም።

መልስ 6 እዚህ ላይ ፍሬን ያዘ። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ነገሩን ቀላል ያስመስሉታል፣ ሎውረንስ ራሱ ግን በደብዳቤው የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት በብዙ ስቃይ እንዳለፈ ጽፏል። ሁለተኛው ነጥቡ ጠንከር ያለ ነበር። ሎውረንስ ልጅ የለውም፣ የቤት ኪራይ የለበትም፣ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ አይሰጋም፣ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ጸላይ ነው። ደጋግመን የምናመጣው ምሳሌ ሁሉ ከመነኮሳት ሰፈር ከሆነ ለጥያቄው አልመለስንም ማለት ነው። ቃናው ኮስተር ያለ ነው፣ ግን ልክ ነው። ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

መልስ 7 እናት ናት። ጨቅላ ልጅ አላት፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ልጅ። ሌሊት ስታጠባ አባታችን ሆይ ትጀምራለች። የዕለት እንጀራችንን ከሚለው ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። አሜን ላይ ከደረሰች ወራት አልፏታል። ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የሚሰማት ጥፋተኝነት ነው። ምክር አልጠየቀችም፣ ብቻ ተናገረች። ሰውም በጥሩ ቃል ነው የመለሰላት፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

መልስ 8 ለ4 እና ለ7 አንድ ላይ መለሰ። ክሩ ለዚህ መልስ ብቻ ተከፍቶ ቢሆን እንኳ አይቆጨኝም። ያመጣው በግብፅ በረሃ ይኖር የነበረውን የአባ ሉክዮስን ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን እኛ መጸለይ እንጂ የእጅ ሥራ አንነካም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ስማቸውም ከዚያው ወጥቶ ጸላዮች ይባሉ ነበር፣ ትምህርታቸውን በ431 የኤፌሶን ጉባኤ አውግዞታል። ከእነሱ የተወሰኑት እስክንድርያ አጠገብ ወዳለው ገዳም ወደ አባ ሉክዮስ መጡ። ሥራቸውን ቢጠይቃቸው የጳውሎስን ቃል ጠቅሰው ሳያቋርጡ እንደሚጸልዩ ነገሩት። አረጋዊው አልተከራከራቸውም። ይበሉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ይበላሉ። ሲበሉ ማን እንደሚጸልይላቸው ጠየቃቸው። ዝም። ይተኙ እንደሆነ ጠየቃቸው። ይተኛሉ። ያን ጊዜስ ማን ይጸልያል? አሁንም ዝም።

ከዚያ የራሱን ነገራቸው። ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ከእግዚአብሔር ጋር ቁጭ ይላል፣ ገመዱን ይጎነጉናል። እጁ ሲሠራ አፉ የዳዊትን የንስሐ መዝሙር ይላል። ቀኑን እንዲህ ሲሠራና ሲጸልይ ውሎ 16 ሳንቲም ያህል ያገኛል። 2ቱን በሩ ላይ ያስቀምጣል፣ በቀረው ምግቡን ይገዛል። እነዚያን 2 ሳንቲሞች ያነሣ ሰው አባ ሉክዮስ ሲበላና ሲተኛ ይጸልይለታል። ሳያቋርጥ የሚጸልየው እንዲህ ነው።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ይህ ሰው በረሃ ውስጥ ያለ መናኝ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ነቅቼ አስባለሁ ቢል ማንም አይከለክለውም። እሱ ግን የጸሎቱን የሌሊት ክፍል በሩ ላይ ለሚያልፍ ድሃ ሰጠው። እኛ ከእግዚአብሔር ጋር አንድ መሆን ስንል እኔና እሱ፣ በር ዘግተን፣ ሌላ ሰው ሳይገባ ነው የሚመስለን።

መልስ 9 ቀልደኛው ነው። ጸሎት በውክልና ተጀመረ እንዴ ብሎ አሾፈ፣ ለሁለት ሳንቲም የሚጸልይ ሰው ካለም አድራሻውን ፈለገ። አስቆኛል፣ አልዋሽም።

መልስ 10 ግን ቀልዱን አልወደደችውም። ውክልና ብሎ ማሾፍ ከተፈለገ በሮሜ 8 መጀመር እንደሚሻል ነገረችው። እዚያ ቁጥር 26 ላይ እንዴት መጸለይ እንዳለብን ስለማናውቅ መንፈስ ራሱ ይማልድልናል። ቁጥር 34 ላይ ደግሞ ክርስቶስ በአብ ቀኝ ሆኖ ይማልዳል። እናቲቱ አሜን ሳትል ብትተኛ ጸሎቱ አልተቋረጠም። ጀማሪዋ እሷ አልነበረችምና።

መልስ 11 የንስሐ መዝሙሩ ቁጥር 50 ነው ብሎ መጣ። ወዲያው ሌላ ሰው 51 ነው አለው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አቆጣጠሩ ይለያያል። ይህን ለመስማማት የጻፉት ነገር ግን ከአባ ሉክዮስ ታሪክ ይረዝማል። ዘለልኩት።

መልስ 12 የእኔ ነው። ለቀልደኛው አንድ ነገር አስታወስኩት። ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ሲወድቅ (ሐዋ. 9) ያሳድድ የነበረው ምእመናኑን ነበር፣ ጌታ ግን ራሱን ለምን እንደሚያሳድደው ነው የጠየቀው። አንድነቱ እስከዚህ ድረስ ነው። እነሱን የነካ እሱን ነካ። እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ፣ ሌላው የአካሉ ብልት ሲጸልይ እኔ ከዚያ ጸሎት ውጭ የምሆንበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ሥራ ላይ እግዚአብሔርን የረሳሁበትን ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እንዴት እንደያዝኩት ብቆጥር ይሻለኛል።

ከዚህ በኋላ ነገር ተበላሸ።

መልስ 13 አንድነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት የ4ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ጳጳስ የነበረውን የአትናቴዎስን ታዋቂ አባባል አመጣ፣ ቃል ሰው የሆነው እኛ አማልክት እንድንሆን ነው የሚለውን። መልስ 14 ደነገጠ፣ ከዚያ ተቆጣ። ክህደት ነው፣ የእባቡ ቃል ነው፣ ዘፍጥረት 3ን አንብቡ። በጣም ረጅም ነው፣ ብዙ ቃለ አጋኖ አለው።

መልስ 15 የተረጋጋ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። አትናቴዎስ የወልድን አምላክነት ይዞ ወልድ ፍጡር ነው ከሚለው ከአርዮስ ወገን ጋር ሲሟገት 5 ጊዜ የተሰደደ ሰው መሆኑን አስታወሰ። በፈጣሪና በፍጡር መካከል ያለውን ልዩነት ከእሱ በላይ የጠበቀ የለም። ሐሳቡ በ2ኛ ጴጥሮስ 1፥4 ላይ ያለው ነው፤ የመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች መሆን። በጸጋ መካፈል ነው፣ በባሕርይ መለወጥ አይደለም። እባቡ ያለ እግዚአብሔር እንደ እግዚአብሔር መሆንን ነው ያቀረበው። ወንጌል የሚሰጠው ከእሱ ጋር በመሆን ነው። ይህ ልዩነት ለእኔ በቂ ነበር።

ለሌሎቹ አልበቃም። መልስ 16 አባቶችን መጥቀስ የሚገባው እነሱን የሚቀበል ሰው ብቻ ነው ብሎ አጥር አጠረ። መልስ 17 በተራው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረውን ካልቪንን ጠቀሰለት። ክርስቶስ ከእኛ ውጭ ሆኖ እስከቀረ ድረስ የሠራው ሁሉ ለእኛ አይጠቅመንም ብሎ አስተምሯል፣ ስለዚህ የአንድነቱ ትምህርት የማንም ቤት የግል ንብረት አይደለም። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማን ይበልጥ እንደሚያውቅ መወራወር ተጀመረ። አንዱ የሌላውን እናት እስኪያነሣ ድረስ። ስለ ከእግዚአብሔር ጋር አንድ መሆን እያወራን ማለቴ ነው። አወያዩ ሦስት መልሶች አጠፋ፣ ለሁለት ሰዎችም ማስጠንቀቂያ ሰጠ።

መልስ 18። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ገባ። ባለቤቱን ካጣ ወዲህ ምንም አይሰማውም። ይጸልያል፣ ግድግዳ ነው። ቅዱስ ቁርባንም ይቀበላል፣ ዝም ነው። ይህ አንድነት የምንለው ነገር እሱ ዘንድ ድሮ እንደነበረና አሁን እንደሌለ ጻፈ። ሰላምታም የለው፣ ነጥብም አላበዛ።

መልስ 19 ለእሱ የሰጠው ነገር አስቆጣኝ። ንስሐ ያልገባበት ኃጢአት ካለ እንዲመረምር መከረው። ሚስቱን የቀበረን ሰው!

መልስ 20 ሳይለዝብ መለሰለት። የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ሲሉ ቆይተው መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ መሆኑን አስታወሰው። ከመዝሙራት አንዱ ያለ ምንም መጽናኛ በጨለማ እንደሚያልቅ ጠቆመ፣ 88ኛው (አሁን ደግሞ ቁጥር እንዳትጨቃጨቁ)። ስለ ነፍስ ጨለማ ሌሊት የጻፈው ስፔናዊው መነኩሴ የመስቀሉ ዮሐንስ ራሱ በ1577 በገዛ ማኅበሩ ወንድሞች ቶሌዶ ውስጥ ታስሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ አምልጦ የወጣ ሰው ነው። የካልካታዋ ማዘር ቴሬዛ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የእግዚአብሔር መገኘት እንዳልተሰማት ዓለም ያወቀው በ2007 ደብዳቤዎቿ ሲታተሙ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ግን የሚሞቱትን ከመንገድ እያነሣች ነበር። ይህች ሴት ከክርስቶስ ተለይታ ነበር የሚል ይምጣ ብሎ ጨረሰ። የመጣ የለም።

መልስ 21 ከወንጌላውያን ወገን ሌላ ታሪክ ጨመረች፣ የሃድሰን ቴይለርን። በ1865 ለቻይና የሚስዮን ማኅበር ያቋቋመ ሰው ነው። ለዓመታት በራሱ ጥረት ከክርስቶስ ጋር ለመጣበቅ ሲታገል ደክሞት፣ በ1869 ከባልደረባው አንድ ደብዳቤ ደረሰው። እምነት የሚመጣው ታማኙን በማየት እንጂ እምነትን ለማሳደግ በመጣጣር እንዳልሆነ የሚናገር ነበር። ቴይለር ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ይሰብከዋል። እሷ ግን ተከታዩን ጻፈች፦ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ሁለት ልጆቹንና ሚስቱን ማሪያን ቀበረ። ለ18 ይህን የነገረችው ለማጽናናት ብቻ አይመስለኝም። አንድነቱን ያገኘ ሰው ሐዘን አይነካውም ብለን የምናስተምረው ውሸት መሆኑን ለሌሎቻችን እየነገረችን ነው።

መልስ 22 ጥንቃቄ ይዞ መጣ። እርሱ ነው የሚሠራው እያልን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ። በ1687 ሮም የስፔናዊውን ቄስ የሞሊኖስን ትምህርት ያወገዘችው ነፍስ ምንም ሳታደርግ ዝም ትበል፣ ፈተናንም አትቋቋም ወደሚል ስለሄደ ነው። ፊልጵስዩስ 2፥12 እና 13 አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። መዳናችሁን ፈጽሙ፣ የሚሠራው እግዚአብሔር ነውና። ደረቅ መልስ ነው፣ ግን ያስፈልግ ነበር።

መልስ 23 በየሰዓቱ ጸሎት የሚያስታውስ የስልክ መተግበሪያ አስተዋወቀ። አወያዩ ሊንኩን አጥፍቶታል።

መልስ 24። ማንም ያልመለሰለትን 6ን የመለሰችለት 3 ናት፣ ተመልሳ መጥታ። ምሳሌዎቻችን ሁሉ ከገዳም መሆናቸውን አመነችለት። ከዚያ ቆላስይስ 3ን ከፈተች። ሕይወታችሁ ከክርስቶስ ጋር በእግዚአብሔር ተሰውሮአል የሚለው ቁጥር 3 ላይ ነው፣ ከዚህ በላይ ጥልቅ የአንድነት ቃል አይገኝም። ይህ የተጻፈው ለማን ነው? ምዕራፉ ሲወርድ ሚስቶች፣ ባሎች፣ ልጆች፣ አባቶች፣ ባሪያዎች፣ 4፥1 ላይ ደግሞ ጌቶች እያለ ይጠራቸዋል። ገዳም ገና አልነበረም። ባሪያ ደግሞ የራሱ የሚለው አንድ ሰዓት እንኳ የለውም፣ ጠዋት ተነሥቶ አንድ ሰዓት ልጸልይ ማለት አይችልም። ጳውሎስ ለእሱ የነገረው ሥራውን ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደሚሠራ አድርጎ በትጋት እንዲሠራ ነው፣ ለታይታም እንዳይሠራ። ሥራ ላይ ስንሆንስ ለሚለው ጥያቄዬ የቀረበው መልስ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራው ራሱ ለእሱ የሚቀርብ ከሆነ፣ በሥራው ውስጥ ሆኜ ስለ ሥራው ማሰቤ ከእሱ መሸሽ አይደለም።

መልስ 25፣ 6 ራሱ። አመሰገናት፣ ግን አልለቀቃትም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ባልደረባው ልጁ ታሞበት አርፍዶ ሲመጣ የፊርማ መዝገቡ ላይ እንዲፈርምለት ይለምነዋል። ለጌታ እንደሚሠራ ሰው ምን ያድርግ? ቢፈርም ውሸት ነው። ባይፈርም የሰውየው ደሞዝ ይቆረጣል፣ ወንድሙን መውደድ የት ገባ?

አሁን ክሩ ያለው እዚህ ነው። መልስ 26 ምሕረት ይበልጣል ባይ ነው። መልስ 27 ደግሞ በጭራሽ ብሏል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አልፈርምም። አብሬው ወደ አለቃው ገብቼ ልጁ መታመሙን እነግርለታለሁ፣ ቢቆረጥበት ደግሞ ከእኔ እጋራዋለሁ። 6 ግን አለቃውን እንደማላውቀው ጽፎልኛል።